«መኻሄን» ማን ነው? በወንበሩ ላይ ያለውን፣ የነበረውንና የሚመጣውን ለይቶ ማወቅ



በዕብራይስጥ ዜና ውስጥ በየዕለቱ የሚደጋገም አንድ ቃል አለ፤ «መኻሄን» ይባላል። «ሮሽ ሀመምሻላ ሀመኻሄን»፣ «ሀናሲ ሀመኻሄን»፣ «ሮሽ ሀዒር ሀመኻሄን» ሲባል እንሰማለን። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ቃሉ በየግድግዳው በሚለጠፈውና በየፖስታ ሣጥናችን በሚገባው ወረቀት ላይ ሁሉ ይታያል። ቃሉን የሰማ ሰው «ታዲያ ሰውየው ካህን ነው ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጆሮው አላታለለውም፤ «መኻሄን» እና «ካህን» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ዛሬ የሚሰጡት ትርጉም ግን የተለያየ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በአማርኛ እንዴት እንደሚባልና ከየትኞቹ ቃላት ጋር መምታታት እንደሌለበት ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤ የፈረመልን ሰው ሥልጣን ያለው ነው ወይስ የለውም? ቃል የገባልን ሰው ዛሬ ሊፈጽመው ይችላል ወይስ ነገ ሲመረጥ ነው? የዚህ መልስ ብዙ ጊዜ ከስሙ አጠገብ በተጻፈች አንዲት ቃል ውስጥ ይገኛል።

አጭሩ ትርጉም

«መኻሄን» ማለት በአሁኑ ሰዓት ሥልጣኑን ወይም ኃላፊነቱን ይዞ በማገልገል ላይ ያለ ሰው ማለት ነው። በዕብራይስጥ የሚጻፈው ሜም፣ ኻፍ፣ ሄይ፣ ኑን በሚባሉት ፊደላት ነው። ለሴት «መኻሄኔት»፣ ለብዙዎች «መኻሃኒም» ይሆናል። ላለፈ ጊዜ «ኪሄን» (አገለገለ፣ በሥልጣን ላይ ነበረ)፣ ለሴት «ኪሃና» ይባላል። «ሙኻን» ከሚለው ቃል ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «ሙኻን» ማለት «ዝግጁ» ማለት ነው።

ቃሉ የሚነገረው ለከፍ ያለና ለታወቀ ኃላፊነት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሚኒስትር፣ የክኔሴት አባል፣ ፕሬዚዳንት፣ ዳኛ፣ ከንቲባ፣ የድርጅት ሊቀ መንበር «መኻሄን» ይባላሉ። አንድ የሱቅ ሠራተኛ ወይም ሾፌር ግን በሥራው ላይ ስላለ «መኻሄን» አይባልም፤ እሱ «ዖቬድ» ነው፤ ይሠራል።

የቃሉ ሥር

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 አሮንና ልጆቹ ለክህነት አገልግሎት ሲለዩ የሚነበበው የዕብራይስጥ ግስ ይኸው ነው። ያን ጊዜ «ለኻሄን» ማለት በካህንነት ማገልገል ማለት ነበር። በእኛም በኩል በግዕዝና በአማርኛ «ካህን» እና «ክህነት» የምንላቸው ቃላት የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። ለዚህ ነው ጆሯችን ቃሉን ቶሎ የሚለየው።

በጊዜ ብዛት የዕብራይስጡ ግስ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ሰፋ። ዛሬ ማንኛውንም ትልቅ ኃላፊነት ይዞ ለማገልገል ይነገራል። ስሙ «ክሁና» ሲሆን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ክህነት፣ ሌላው የሥልጣን ዘመን። «ትኩፋት ክሁና» ከተባለ አንድ ሰው በወንበሩ ላይ የሚቆይበት የተወሰነ ጊዜ ማለት ነው። ለዚሁ ነገር ከአውሮፓ የመጣ ሌላ ቃልም አለ፤ «ካዴንጽያ»። በዜና ላይ «ካዴንጽያ ሽኒያ» ከተባለ ሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ማለት ነው።

«ኮሄን» ግን ሌላ ነው። ኮሄን ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው፤ ማንም አይመርጠውም፣ ጊዜው አልቆም አይወርድም። መኻሄን ደግሞ ተመርጦ ወይም ተሹሞ ይገባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይወጣል። አንድ ሰው ኮሄን ሳይሆን መኻሄን ሊሆን ይችላል፤ ኮሄን ሆኖ ምንም ሥልጣን የሌለውም ሞልቷል።

በአማርኛ ምን እንበለው?

አማርኛችን ለሹመት ድሃ አይደለም። ሹም፣ ተሿሚ፣ ባለሥልጣን፣ ሊቀ መንበር፣ ኃላፊ እንላለን። በአገር ቤት ጭቃ ሹሙን፣ የአጥቢያ ዳኛውን፣ በኋላም የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበሩን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ሰውየው ምን ዓይነት ሥልጣን እንዳለው እንጂ ዛሬም በወንበሩ ላይ መሆኑን አይነግሩንም። «ሊቀ መንበር እገሌ» ተብሎ የተጠራ ሰው ከወረደ አሥር ዓመት ቢሞላውም ሰፈሩ በዚያው ስም ሊጠራው ይችላል። ፊታውራሪና ግራዝማች ደግሞ ማዕረግ ስለሆኑ ሥራው ቢቀርም ስሙ አይቀርም።

ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ «ሹም» ሿሚ እንዳለ ያስታውሳል። «ሹም ሽር» የምንለውም ከላይ የሚሾምና የሚሽር ስላለ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ሥልጣን በዚያ ዘመን እንዴት ይታይ እንደነበር ያሳያል። «መኻሄን» ግን በሥሩ የአገልጋይነት ቃል ነው። በምርጫ በሚያዝ ወንበር ላይ ከሆነ ደግሞ ሿሚውም ሻሪውም ድምፅ ሰጪው ነው፤ ማለትም እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ «መኻሄን»ን በአማርኛ ስንመልስ የሚከተሉትን መጠቀም እንችላለን።

«በሥልጣን ላይ ያሉት» ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው። «በሥልጣን ላይ ያሉት ጠቅላይ ሚኒስትር» ስንል ማንም አይሳሳትም።

«የአሁኑ» አጭርና ለሬዲዮ የሚመች ነው። «የአሁኗ ከንቲባ»፣ «የአሁኑ ፕሬዚዳንት» ይባላል።

«በማገልገል ላይ ያሉት» ለዳኛ፣ ለሊቀ መንበርና ለምክር ቤት አባል ይስማማል።

«የወቅቱ» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። «የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዛሬ ጠዋት መግለጫ ሰጡ» ከተባለ የአሁኑ ማለት ነው። «በ1948 እ.ኤ.አ. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ነበሩ» ከተባለ ደግሞ የዚያን ጊዜው ማለት ነው። አንባቢ ቀኑን ካላየ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ስለ ዛሬ ስናወራ «የአሁኑ»፣ ስላለፈው ስናወራ «የዚያን ጊዜው» ብንል ይሻላል።

«ካህን» ብሎ መመለስ ግን ስሕተት ነው። ሥሩ አንድ መሆኑ ትርጉሙን አንድ አያደርገውም።

ከ«መኻሄን» ጋር የሚምታቱ ቃላት

አንድ ወንበር በአንድ ጊዜ ብዙ ስሞች በዙሪያው ሊኖሩት ይችላሉ። የተቀመጠበት አለ፣ የሚመጣበት አለ፣ የወረደ አለ፣ ለጊዜው የሚጠብቅለት አለ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ኒቭሓር፤ የተመረጠ። ምርጫው አልቆ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ «ሮሽ ሀዒር ሀኒቭሓር» ሊባል ይችላል፤ በአማርኛ «ተመራጩ ከንቲባ»። እስኪረከብ ድረስ መኻሄኑ የበፊቱ ነው። ነገር ግን «ኒቭሓሬይ ጺቡር» ሲባል በጠቅላላው ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ማለት ስለሆነ፣ በወንበሩ ላይ ያሉትንም ይጨምራል።

መዩዓድ፤ የታጨ። ለወንበሩ ስሙ የተጠራ፣ ግን ገና ያልጸደቀለት ወይም ቃለ መሐላ ያልፈጸመ ሰው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው መንግሥቱ በክኔሴት የመተማመኛ ድምፅ ካገኘ በኋላ ነው።

ዮጼ፤ ተሰናባች። ሊወጣ የተቃረበ፣ ግን ገና በወንበሩ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ዮጼም መኻሄንም ሊሆን ይችላል። በእስራኤል ሕግ ክኔሴት ቢበተንም፣ ምርጫ ቢካሄድም፣ አዲሱ መንግሥት ቃለ መሐላ እስኪፈጽም ድረስ ያለው መንግሥት ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ጊዜ ዜናው «ሜምሼሌት መዓቫር»፣ ማለትም የሽግግር መንግሥት፣ ይለዋል። ክኔሴት በታኅሣሥ ወር 2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከተበተነ በኋላ በ2019 ሁለት ጊዜ፣ በ2020 መጋቢት ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ምርጫ ተደረገ። አዲሱ መንግሥት ቃለ መሐላ የፈጸመው ግንቦት 2020 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አገሪቱ ያለ መንግሥት አልነበረችም፤ በ2015 የተቋቋመው መንግሥት በወንበሩ ላይ ነበር።

ለሽዓቫር፤ የቀድሞ። ወንበሩን የለቀቀ ነው። በአክብሮት ስሙን እንጠራለን፤ በዚያ ሥልጣን መፈረም ግን አይችልም።

ስጋን፤ ምክትል። «ስጋን ሳር» ምክትል ሚኒስትር፣ «ስጋን ሮሽ ሀዒር» ምክትል ከንቲባ ማለት ነው። ምክትል የራሱ ወንበር ያለው ስለሆነ እሱም በምክትልነቱ መኻሄን ነው።

ሐሊፊ፤ ተለዋጭ። ይህ ስም በእስራኤል ሕግ የገባው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ሰዎች የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር በየተራ ለመያዝ ሲስማሙ፣ አንዱ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሌላው «ሮሽ ሀመምሻላ ሀሐሊፊ» ይባላል። በ2021 ናፍታሊ ቤኔት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ያኢር ላፒድ ተለዋጭ ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ላፒድ ወደ ወንበሩ ሲመጡ ቤኔት ተለዋጭ ሆኑ። በእያንዳንዱ ቀን ግን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከሁሉም የሚያስቸግረው፤ «መማሌ ማኮም»

ቃል በቃል «ቦታ የሚሞላ» ማለት ነው። በአማርኛ «ተጠባባቂ» ወይም «ተወካይ» እንለዋለን። ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን ስለሚገልጽ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሁኔታ፣ ባለወንበሩ ሲታመም፣ ሲሞት ወይም ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው። ጥር 4 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን በጽኑ ሲታመሙ ሥልጣኑ ወደ ኤሁድ ኦልመርት ተላለፈ። በሕጉ መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለ100 ተከታታይ ቀናት ሥራውን መሥራት ካልቻሉ ጨርሶ እንዳልቻሉ ይቆጠራል። ይህም የሆነው በሚያዝያ ወር አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ሻሮን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን ኦልመርት ነበሩ። ወንበሩ የአንዱ ሆኖ ሥራው በሌላው እጅ ነበር ማለት ነው። ኦልመርት በምርጫ አሸንፈው የራሳቸውን መንግሥት ያቋቋሙት ግንቦት 4 ቀን 2006 ነው።

በፕሬዚዳንቱ ቤት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ሳይችሉ ሲቀሩ ቦታውን የሚሞላው የክኔሴት አፈ ጉባኤ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አፈ ጉባኤ ዳሊያ ኢጺክ ለተወሰኑ ወራት በዚህ ኃላፊነት ላይ ነበሩ። በጠቅላይ ፍርድ ቤትም እንዲሁ፣ ፕሬዚዳንቷ ኤስቴር ሐዩት በጥቅምት 2023 ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ዳኛ ይጽሐቅ ዓሚት በጥር 2025 በቋሚነት እስኪመረጡ ድረስ ፍርድ ቤቱ ከአንድ ዓመት በላይ በተጠባባቂ ይመራ ነበር።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ምክትላቸው ኃይለማርያም ደሳለኝ በተጠባባቂነት ያዙ፤ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጽመው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በአማርኛ ዜና «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል በትክክል ይህን ይገልጻል።

ሁለተኛው ሁኔታ የተለየ ነው። ባለወንበሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራውንም እየሠራ፣ «መማሌ ማኮም» የሚል ሹመት ያለው ሌላ ሰው አጠገቡ ሊኖር ይችላል። ኦልመርት ራሳቸው ሻሮን ሳይታመሙ ይህን ስም ይዘው ነበር። በማዘጋጃ ቤቶችም «ስጋን ኡመማሌ ማኮም ሮሽ ሀዒር» የሚባል ሰው አለ። ከንቲባው ሲጓዙ ወይም ሲታመሙ ተክቶ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የተወሰነ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ደብዳቤ በ«መማሌ ማኮም» ተፈርሞ ብታገኙ፣ «ከንቲባው ወርደዋል» ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ ጊዜ ከንቲባው በወንበራቸው ላይ ናቸው።

አንድ ሰው፣ ሁለት ስም

«መኻሄን» እና «ለሽዓቫር» ስለ ሰውየው ሙሉ ማንነት የሚናገሩ ሳይሆኑ ስለ አንድ ወንበር ብቻ የሚናገሩ ናቸው። ለዚህ ከራሳችን ማኅበረሰብ ጥሩ ምሳሌ አለ። ፕኒና ታማኖ ሻታ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. የዓሊያና የቅሊታ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ በኢትዮጵያ ተወልደው በእስራኤል ሚኒስትር ለመሆን የመጀመሪያዋ ናቸው። በታኅሣሥ 2022 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ከሚኒስትርነቱ ወረዱ፤ በ25ኛው ክኔሴት ግን አባል ሆነው ገቡ። በ2023 ዓመት ስለ እርሳቸው የጻፈ ሰው «የቀድሞ ሚኒስትር፣ በማገልገል ላይ ያሉ የክኔሴት አባል» ቢል ሁለቱም ትክክል ነው። በዕብራይስጥ «ሳራ ለሽዓቫር» እና «ሐቭራት ክኔሴት መኻሄኔት» ይሆናል።

በዜና ላይ ስለ አንድ ሰው «የቀድሞ» ሲባል «የቀድሞ ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «መኻሄን» ሲባልም «የምን?» በሉ። ቃሉ ያለ ወንበሩ ስም ሙሉ አይደለም።

ይህ ለኑሯችን ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ደብዳቤ ስትቀበሉ። ከፊርማው ሥር ስም አለ፤ ከስሙ ሥር ደግሞ «ታፍኪድ»፣ ማለትም የሥራ ኃላፊነት፣ ይጻፋል። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ሲያነቡላችሁ የደብዳቤውን ፍሬ ነገር ነግረው ያቺን መስመር ይዘልሏታል። «ከስሙ ሥር ያለችውንም አንብብልኝ» በሉ። የፈረመው ባለወንበሩ ነው፣ ምክትሉ ነው፣ ወይስ ተጠባባቂው? መልስ ስትጽፉ ለማን እንደምትጽፉ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤ ስትጽፉ። አቤቱታ ወይም ጥያቄ ስትልኩ ከሰውየው ስም በፊት የወንበሩን ስም አስቀድሙ፤ «ለማዘጋጃ ቤቱ ከንቲባ» ብላችሁ ጀምሩ። ሰው ይለወጣል፤ ወንበሩ ግን ይቀራል። ቀኑን ጻፉበት፣ ቅጂውንም አስቀሩ። አዲስ ሰው ቢመጣ «ለወንበሩ የጻፍነው ይኸው» ለማለት ይመቻል።

ሦስተኛ፣ ምርጫ ሲመጣ። በእስራኤል የአካባቢ ምርጫ በሕጉ መሠረት በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል። ከ17 ዓመት ጀምሮ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ከንቲባውን ለመምረጥ ቢጫ ወረቀት፣ የምክር ቤቱን ዝርዝር ለመምረጥ ነጭ ወረቀት አለ። በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ከንቲባው ቢያንስ 40 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ማንም ካላገኘ ሁለቱ የበለጡት እንደገና ይወዳደራሉ።

በምርጫው ሰሞን «ሮሽ ሀዒር ሀመኻሄን» የሚለው ስም በትልቁ ይጻፋል። ከምስጋና የተቆጠረ ይመስላል። ቃሉ ግን ምስጋናም ነቀፋም አይደለም፤ ሰውየው ዛሬ በወንበሩ ላይ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ይልቁንም ጥያቄ የምናቀርብበት ቃል ነው። ለአዲስ ተወዳዳሪ «ምን ልትሠራ አስበሃል?» እንላለን። ለመኻሄኑ ግን «በአምስቱ ዓመት ምን ሠራህ?» ማለት እንችላለን። ለጡረተኞች ክበብ፣ ለመንገዱ መብራት፣ ለአማርኛ አስተርጓሚ ቃል ከተገባ፣ ባለወንበሩ «ስመረጥ አደርጋለሁ» ለማለት አይችልም፤ ተመርጦ ነበርና።

ይህ በትንሹም ወንበር ይሠራል። የሕንፃችን «ቫዓድ ባይት» ወይም የማኅበራችን «ዮሼቭ ሮሽ» መቼ ተመረጠ? ዘመኑ መቼ ያልቃል? ገንዘብ የሚቀበለው የአሁኑ ነው ወይስ የቀድሞው? ብሎ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ወንበሩን ማክበር ነው።

ለማስታወስ ያህል

መኻሄን፤ በሥልጣን ላይ ያለ፣ የአሁኑ።
ኒቭሓር፤ የተመረጠ፣ አንዳንድ ጊዜ ገና ያልተረከበ።
መዩዓድ፤ የታጨ።
ዮጼ፤ ተሰናባች፣ ግን ገና በወንበሩ ላይ ያለ።
ለሽዓቫር፤ የቀድሞ።
ስጋን፤ ምክትል።
መማሌ ማኮም፤ ተጠባባቂ ወይም ተወካይ።
ሐሊፊ፤ ተለዋጭ።
ክሁና፣ ካዴንጽያ፤ የሥልጣን ዘመን።

ይህን ዝርዝር በትልቅ ፊደል አትማችሁ ከሬዲዮው አጠገብ ብታስቀምጡት፣ የሚቀጥለውን የዕብራይስጥ ዜና ስትሰሙ ከስሙ በኋላ የምትመጣውን ቃል ለመያዝ ይረዳችኋል። ሌላ ያስቸገራችሁ የዜና ቃል ካለ ወደ ጣቢያችን ደውላችሁ ንገሩን፤ በተራው እናብራራዋለን።

በሰላም ያገናኘን።